ኦፕሬሽን ክፍል ገብቶ ማየት፦ ለነርሲንግ ተማሪ ምን ይሰጣል?

ባለፈው ሴሚስተር አንድ ሙሉ ቀን ኦፕሬሽን ክፍል ውስጥ ቆሜ ማየቴን የሰሙ የማህበራችን ልጆች ሦስት ጥያቄ ይጠይቁኛል። "እንዴት ገባሽ?"፣ "ደሙን አይተሽ አልወደቅሽም?"፣ "ከዚያ በኋላስ ነርሲንጉን ቀጠልሽ?" የመጀመሪያው ጥያቄ መልስ ወረቀት ነው። የሁለተኛው መልስ ቁርስ ነው። ሦስተኛው ግን ትንሽ ይረዝማል፤ ስለዚህ ለሁሉም አንድ ጊዜ ልጻፈው አልኩ።

አስቀድሜ አንድ ነገር ልበል። ሆስፒታሉ አሌክሳንድሪያ በኩል ነው፤ ስሙን ግን አልጽፍም። ስለ ታካሚዋም ማንነታቸውን ሊያሳውቅ የሚችለውን ሁሉ አውጥቻለሁ። ሂፓ የሚባለው የታካሚ ምስጢር ሕግ ከ1996 ጀምሮ ያለ ነው (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመቶች በሙሉ በፈረንጆቹ አቆጣጠር ናቸው)፤ ተማሪም ቢሆን ከእርሱ አያመልጥም። የኛ ማህበረሰብ ደግሞ ትንሽ ነው። ሲልቨር ስፕሪንግ ውስጥ "አንዲት እናት ባለፈው ወር እንዲህ ሆነው ተኝተው ነበር" ካልኩ፣ እሁድ ከቅዳሴ በኋላ ስማቸውም የልጆቻቸውም ስም ይታወቃል።

ሻዶዊንግ ለሚለው ቃል ደስ የሚል አማርኛ አላገኘሁለትም። አባቴ "እየተከተሉ ማየት" ይለዋል፤ እኔም ከዚህ የተሻለ የለኝም። ባለሙያውን ትከተላለህ፣ ታያለህ፣ ትጠይቃለህ፣ ምንም አትነካም። ለነርሲንግ ተማሪ ቀላሉ መንገድ ክሊኒካል የሚያስተምረውን መምህር መጠየቅ ነው፤ ብዙ ፕሮግራሞች ቢያንስ አንድ ቀን ኦፕሬሽን ክፍል የመግባት ዕድል አላቸው፣ ግን ሳይጠየቁ የሚሰጡት ለሁሉም አይደለም። ገና ፕሮግራም ያልገባ ተማሪ ደግሞ የሆስፒታሉን የበጎ ፈቃድ ቢሮ ወይም የትምህርት ክፍል በኢሜይል ማነጋገር አለበት። ዘመድ የሆነ ዶክተር "ነይ ከኔ ጋር ግቢ" ቢላችሁ እንኳ ያው ወረቀት አይቀርም።

ወረቀቱ ላይ ትንሽ ልቆይ፤ ብዙ ሐበሻ ልጆች የሚቸገሩት እዚህ ላይ ነው። ሆስፒታሉ የኩፍኝ፣ የጉድፍና የሄፓታይተስ ቢ ክትባት ማስረጃ ይፈልጋል፤ በክረምቱ ወራት የኢንፍሉዌንዛም ይጨመራል። ኢትዮጵያ ተወልዶ በልጅነቱ የመጣ ሰው የክትባት ካርዱን ብዙ ጊዜ አያገኘውም። የኔም አዲስ አበባ የሆነ መሳቢያ ውስጥ ይሆናል፣ ማን ያውቃል። ካርዱ ከሌለ ታይተር የሚባል የደም ምርመራ አለ፤ ሰውነታችሁ በሽታውን የሚከላከል ፀረ እንግዳ አካል እንዳለው ያሳያል፣ ከካርዱም እኩል ይቀበሉታል። ሁለተኛው ችግር የቲቢ ምርመራ ነው። ኢትዮጵያ ውስጥ ሕፃናት ሲወለዱ ቢሲጂ ስለሚከተቡ፣ ክንድ ላይ በመርፌ የሚደረገው ምርመራ ቲቢ ሳይኖር ሊያብጥ ይችላል። እብጠቱን ያየ ሁሉ ደንግጦ ወደ ራጅ ይልካችኋል። ከመጀመሪያው "ቢሲጂ ተከትቤያለሁ፣ የደሙን ምርመራ አድርጉልኝ" ማለት ይሻላል፤ የደሙ ምርመራ በቢሲጂ አይሳሳትም። ይህ ሁሉ ሳምንታት ሊወስድ ስለሚችል ሴሚስተሩ ሲጀመር መነሳት ጥሩ ነው። ከዚህ ሌላ የመሠረታዊ ሕይወት አድን ሥልጠና ካርድ፣ የወንጀል መዝገብ ምርመራና የምስጢር መጠበቂያ ፊርማ አለ።

አሁን ወደ ቀኑ። ከጠዋቱ 12 ሰዓት ከሩብ እዚያ መድረስ ነበረብኝ። ሜትሮ በሥራ ቀን የሚከፈተው ሊነጋጋ 11 ሰዓት ላይ ነው፤ ከሲልቨር ስፕሪንግ በቀዩ መስመር ተነስቼ ጋለሪ ፕሌስ ላይ ወደ ቢጫው ቀይሬ ኪንግ ስትሪት እስክደርስ፣ ከዚያ አውቶቡስ እስክይዝ፣ ሰዓቱ አይበቃም። አጎቴ ኡበር ስለሚነዳ በዚያ ሰዓት ወደ ሬገን አየር ማረፊያ ተሳፋሪ ፍለጋ ይሄዳል፤ እግረ መንገዱን አደረሰኝ። መንገድ ላይ ሁለት የተቀቀለ እንቁላልና ዳቦ በላሁ። ይህን የምጽፈው ለጌጥ አይደለም። ኦፕሬሽን ክፍል ውስጥ ተማሪን የሚጥለው ብዙ ጊዜ ደሙ ብቻ ሳይሆን ባዶ ሆድ፣ ሳይንቀሳቀሱ መቆምና ማስኩ ውስጥ ያለው ሙቀት ተደምሮ ነው። ጉልበትን አጥብቆ ቀጥ ብሎ መቆም ደም ወደ ራስ እንዳይመለስ ያደርጋል፤ ጉልበት ላላ ይበል፣ እግር ይቀያየር። ራስ ማዞር ሲጀምር ደግሞ ይሉኝታ ይቅር፤ ከጠረጴዛው ራቅ ብሎ ለነርሷ መናገርና ወለሉ ላይ ቁጭ ማለት ነው። ወለሉ ላይ የተቀመጠ ተማሪ ማንንም አያስቸግርም። ወደ ፊት የወደቀ ግን ለሰዓታት የተዘጋጀውን ጠረጴዛ ይዞ ይወድቃል።

ልብሱን ሆስፒታሉ ይሰጣል። ፀጉር ሙሉ በሙሉ በቆብ ይሸፈናል፤ የኔ ሹሩባ ሁለት ቆብ ፈጅቷል።

ክፍሉ ውስጥ ማን ማን ነው? ሳልገባ በፊት በአእምሮዬ የነበረው ከፊልም የተወሰደ ነው፤ አንድ ዶክተር፣ በዙሪያው የሚታዘዙ ሰዎች። እውነቱ ሌላ ነው። ክፍሉ በሁለት የተከፈለ አገር ይመስላል። አንዱ ከጀርም የጸዳው ነው፤ ቀዶ ሐኪሙ፣ ረዳቱና መሣሪያ የሚያቀብለው ስክራብ የሚባለው ባለሙያ እዚያ ናቸው። እነርሱ እጃቸውን ታጥበው፣ ጋውንና ጓንት አድርገው፣ ሰማያዊ ጨርቅ ከለበሰው ነገር ውጭ ምንም አይነኩም። ሌሎቻችን ደግሞ ሰማያዊውን አንነካም። ተማሪ ቢያንስ 30 ሳንቲ ሜትር ይርቃል፣ ለጸዳው ጠረጴዛም ጀርባውን አይሰጥም። በራስጌ በኩል የማደንዘዣ ባለሙያው አለ።

እኔ የምከተላት ነርስ ሰርኩሌቲንግ ነርስ ትባላለች። ጎንደር የተማረች አንዲት የማገገሚያ ክፍል ሲስተር "እኛ አገር ራነር ነው የምንላት" ብላ ነገረችኝ፤ ሯጯ እንደ ማለት። ጓንት ለብሳ ጠረጴዛው አጠገብ አትቆምም፤ እየዞረች ትሠራለች። የጎደለ ዕቃ ታመጣለች፣ ትመዘግባለች፣ ስልክ ታነሳለች፣ ከበሽተኛው የተወሰደ ናሙና በትክክል መሰየሙን ታረጋግጣለች። ስራውን በዝርዝር ስሰማ የጸሐፊ ሥራ መስሎኝ ነበር። ከሰዓት በኋላ ግን ሐሳቤ ሌላ ነበር፤ እደርስበታለሁ።

የመጀመሪያዋ ታካሚ አማርኛ ተናጋሪ እናት ነበሩ። የሐሞት ከረጢታቸው ጠጠር ስለያዘ ሊወጣ ነው። ነርሷ መጋረጃውን ስትገልጥ ሴትየዋ ፊቴን አዩና ፈገግ አሉ። "ልጄ፣ ያገሬ ልጅ ነሽ?" አሉኝ። "አዎ እማማ፣ እንደምን አደሩ?" አልኩ። እጄን ያዙኝ፣ አልለቀቁኝም። ከዚያ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው "እንቅልፉ ወስዶኝ ሳልነቃ ብቀርስ?" አሉኝ።

እዚህ ላይ አንባቢ "እና አንቺ ምን አልሽ?" እንደሚል አውቃለሁ። እኔ አማርኛ እችላለሁ፤ ሴትየዋ ያመኑት እኔን ነው፤ "አይዞዎት፣ ይነቃሉ" ማለት ደግሞ ምላሴ ጫፍ ላይ ነበር። ግን ያ መልስ የኔ አይደለም። ለታካሚ ስለ ሕክምናው በቋንቋው የሚነግረው ብቃቱ የተረጋገጠ የሕክምና አስተርጓሚ ነው። በ1964ቱ የሲቪል መብቶች ሕግና በ2010 የወጣው የጤና መድን ሕግ መሠረት የፌደራል ገንዘብ የሚቀበል ሆስፒታል አስተርጓሚ በነፃ የማቅረብ ግዴታ አለበት። ስንቶቻችን ነን በ10 ዓመታችን ለእናታችን ሐኪም ቤት ስናስተረጉም ያደግነው? ሕጉ ያንን አይፈልግም፤ ከድንገተኛ አደጋ በቀር ሕፃን ልጅ አስተርጓሚ እንዲሆን አይፈቅድም። ምክንያቱ የቋንቋ ብቻ አይደለም። ልጅ እናቱን ላለማስደንገጥ ይቀንሳል፣ ይዘላል፣ ያለሰልሳል።

ስለዚህ "እማማ፣ ይህ ጥያቄ ለዶክተሩ ነው፤ አሁን እጠራልዎታለሁ" አልኳቸውና ለነርሷ በእንግሊዝኛ ነገርኳት። ነርሷ ጎማ ባለው ማቆሚያ ላይ የተሰቀለ ታብሌት ገፍታ መጣች፤ በስክሪኑ ላይ አንድ ሐበሻ አስተርጓሚ ብቅ አለ። የማደንዘዣ ሐኪሟም ተመልሳ መጣች፣ ወንበር ስባ ተቀመጠች፣ ከጥያቄው ጀመረች። ሙሉ ሰመመን እንደሚሰጣቸው፣ ከራስጌያቸው እንደማትለይ፣ ትንፋሻቸውንና የልብ ምታቸውን በየሴኮንዱ እንደምታይ፣ ሲያልቅ ስማቸውን ጠርታ እንደምትቀሰቅሳቸው ነገረቻቸው። አስተርጓሚው "የሐሞት ቱቦ"፣ "መተንፈሻ ቱቦ"፣ "የጎንዮሽ ጉዳት" እያለ ሲያወርደው እኔ ቃላቱን በልቤ እይዝ ነበር። የኔ አማርኛ የወጥ ቤትና የስልክ አማርኛ ነው፤ ይህ ሌላ አማርኛ ነው። ሴትየዋ ሁለት ጥያቄ ጨመሩ፣ መልሱን ሰሙ፣ ከዚያ ፈረሙ።

ቀጥሎ የማተቡ ነገር መጣ። ጌጣጌጥ ሁሉ ይውለቅ ይባላል። ብረት የሚከለከለው ቀዶ ሐኪሙ በኤሌክትሪክ ስለሚቆርጥና ደም ስለሚያቆም ነው፤ ብረቱ በሚነካበት በኩል ቆዳ ሊቃጠል ይችላል። አንገት ደግሞ ለመተንፈሻው ቱቦ ባዶ መሆን አለበት። ሴትየዋ አንገታቸው ላይ ጥቁር ክርና ትንሽ የብር መስቀል አለ፤ ነርሷ መቀስ ፍለጋ ስትዞር ዓይናቸው ተለወጠ። ይህ ሕክምና ስላልሆነ መናገር እችል ነበር። ክሩ የጥምቀት ምልክት እንደሆነ፣ መቁረጡ ለእርሳቸው ከባድ እንደሆነ ለነርሷ ነገርኳት። ነርሷ ለአፍታ አሰበችና "አንገቱ ባዶ ይሁን እንጂ ክሩ የት እንዳለ አያስጨንቀኝም" አለች። መስቀሉ ለልጃቸው ተሰጠ። ክሩን በራሳቸው እጅ በጭንቅላታቸው በኩል አውልቀው አንጓቸው ላይ ጠቀለሉት፤ ነርሷ በፕላስተር ሸፈነችው፣ መዝገቡ ላይም ጻፈችው። ከደቂቃ ያልበለጠ ነገር ነው።

ስለ ጾምም አንድ ነገር ልጨምር፤ በኛ ሰው ዘንድ ስህተት ስለሚበዛበት። ከኦፕሬሽን በፊት የሚባለው ጾም የሃይማኖት ጾም አይደለም፤ "ሥጋ አልበላሁም፣ ሽሮ ብቻ ነው" አይሠራም። ማደንዘዣው ጉሮሮን የሚጠብቀውን ሥራ ስለሚያቆም፣ ሆድ ውስጥ ያለው ምግብ ወደ ሳንባ ሊገባ ይችላል። የአሜሪካ የማደንዘዣ ሐኪሞች ማህበር መመሪያ ለቀላል ምግብ 6 ሰዓት፣ እንደ ውሃ ለጠራ ፈሳሽ 2 ሰዓት ይላል። ወተት የሌለው ቡና ከጠራ ፈሳሽ ይቆጠራል፤ ይህን ስሰማ እናቴ ትዝ አለችኝ። ሆስፒታሉ ከዚህ ጠበቅ ያለ ትእዛዝ ከሰጠ ግን የሆስፒታሉ ይከበራል።

ክፍሉ ውስጥ ሴትየዋ ከተኙ በኋላ፣ ቢላዋ ከመነሳቱ በፊት ሁሉም እጁን አቆመ። ሙዚቃው ጠፋ። ሰርኩሌቲንግ ነርሷ ጮክ ብላ የታካሚዋን ስም፣ የሚሠራውን ኦፕሬሽን፣ የመድኃኒት አለርጂና አንቲባዮቲክ የተሰጠበትን ሰዓት አነበበች፤ እያንዳንዱ ስሙንና ሥራውን ተናገረ። እኔም "ተማሪ፣ ለማየት" አልኩ። ይህ ታይም አውት ይባላል። የዓለም ጤና ድርጅት በ2008 ያወጣው 19 ነጥቦች ያሉት የማረጋገጫ ዝርዝር አካል ነው፤ ከማደንዘዣ በፊት፣ ከመቁረጥ በፊትና ታካሚው ከክፍሉ ከመውጣቱ በፊት ይነበባል። ወረቀት ማንበብ ሰው ያድናል ወይ የሚል ካለ፣ ዝርዝሩ በስምንት ከተሞች ባሉ ሆስፒታሎች ተሞክሮ ውጤቱ በጥር 2009 ታትሟል። ከከተሞቹ መካከል ሲያትልና ለንደን ነበሩ፤ ማኒላ፣ ኒው ዴልሂና የታንዛኒያዋ ኢፋካራም ነበሩ። የሞት መጠን ከ1.5 በመቶ ወደ 0.8፣ ከባድ ችግር የገጠማቸው ታካሚዎች መጠን ከ11 በመቶ ወደ 7 ወርዷል። ሀብታሙም ድሃውም ሆስፒታል ተጠቅሞበታል።

ኦፕሬሽኑ ራሱ ካሰብኩት በላይ ጸጥ ያለና ንጹሕ ነበር። ሆዱ በካርቦን ዳይኦክሳይድ ይነፋል፣ አራት ትናንሽ ቀዳዳዎች ይከፈታሉ፣ በእምብርቱ በኩል ካሜራ ይገባል፣ ሁላችንም ስክሪን እናያለን። ጉበቱ ታየ፤ ከሥሩ አረንጓዴ የሆነው ከረጢት። ወዲያው ትዝ ያለኝ የፋሲካ ዶሮ ነው። እናቴ ዶሮ ስትገነጥል "ሐሞቱን እንዳታፈነጂው!" የምትለው ነገር። ቀዶ ሐኪሙም ጭንቀቱ ከእርሷ ብዙ አይርቅም፤ ሐሞት ሆድ ውስጥ እንዳይፈስ ይጠነቀቃል። ትልቁ ፍርሃት ግን ሌላ ነው። ወደ ከረጢቱ የሚገባውን ቱቦ ሲቆርጥ በስህተት ከጉበት ወደ አንጀት የሚወርደውን ዋናውን ቱቦ ቢቆርጥ ታካሚው ለዓመታት ይሠቃያል። ስለዚህ አካባቢውን ከስብ አጽድቶ፣ ወደ ከረጢቱ የሚገቡት ሁለት ነገሮች ብቻ መሆናቸውን፣ አንድ ቱቦና አንድ የደም ሥር፣ ሳያረጋግጥ አይቆርጥም። ቆም አለ፣ ካሜራውን ከፊትም ከኋላም አዞረ፣ ለረዳቱ "ሁለት ይታይሻል?" አላት። "ሁለት" አለች። ቆረጠ።

ቀዳዳዎቹ ሊሰፉ ሲል ቆጠራ ተጀመረ። መርፌ፣ መሣሪያ፣ ጎዝ፣ ሁሉም ከመጀመሩ በፊት ተቆጥሮ ነጭ ሰሌዳ ላይ ተጽፏል። ስክራቡና ነርሷ ድምፃቸውን አውጥተው አብረው ይቆጥራሉ። ጎዙ 10 ነበር፤ 9 ሆነ። እንደገና ቆጠሩ፤ 9። ነርሷ ድምጿን ሳታነሳ "ዶክተር፣ ቆጠራው አልሞላም፣ እንቁም" አለች። በዕድሜ እጥፏ የሚሆነው ሐኪም መርፌውን አስቀመጠ። አልተከራከረም፣ ሰዓትም አላየም፤ ካሜራውን መልሶ አስገባና ሆዱን መመልከት ጀመረ። ስክራቡ ጠረጴዛውን፣ ነርሷ ቆሻሻ መጣያውንና ወለሉን ፈተሹ። በእያንዳንዱ ጎዝ ውስጥ በራጅ የሚታይ ክር አለ፤ ባይገኝ ኖሮ ራጅ ይነሳ ነበር። ጎዙ ሰማያዊው ጨርቅ እጥፋት ውስጥ ተጣብቆ ተገኘ። "10" አለች፣ ጻፈች፣ ስፌቱ ቀጠለ። ማንም ስለ ነገሩ አላወራም።

እኔ ግን የዚያን ቀን ሌላ ምንም ባላይ ይበቃኝ ነበር። ቤት ውስጥ የምሰማው ነርስ ታዛዥ እንደሆነች ነው። እዚህ ግን ሴትየዋ ሰመመን ውስጥ ናቸው፤ ስለ ራሳቸው መናገር አይችሉም። ስለ እርሳቸው የምትናገረው ደግሞ ጸሐፊ መስላኝ የነበረችው ናት።

ከዚያ በኋላ ስለዚህ ሙያ ማንበብ ጀመርኩ። ከኛ አንድ ሰዓት በማይሞላ መንገድ ባልቲሞር ያለው ጆንስ ሆፕኪንስ ሆስፒታል የቀዶ ሕክምና ጓንት ታሪክ ከሚነሳባቸው ቦታዎች ዋናው ነው፤ መነሻውም ነርስ ናት። ካሮላይን ሃምፕተን የኦፕሬሽን ክፍል ኃላፊ ነርስ ነበረች። በ1889 ገደማ ለእጅ ማጽጃ የሚጠቀሙበት የሜርኩሪ ውሁድ እጇን ስላቆሰላት ቀዶ ሐኪሙ ዊልያም ሃልስተድ ለጉድይር ኩባንያ ስስ የጎማ ጓንት አሠራላት። ታካሚውን ከጀርም መጠበቁ የታወቀው ኋላ ነው፤ መጀመሪያ የተጠበቀው የነርሷ እጅ ነው። (ተጋቡም፤ ይህን ለሚወዱ።)

የኛም ታሪክ ከዚህ አይርቅም። ልዕልት ፀሐይ፣ የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ልጅ፣ በስደት እንግሊዝ አገር ሳለች ለንደን በሚገኘው የግሬት ኦርመንድ ስትሪት የሕፃናት ሆስፒታል ነርሲንግ ተምራ በ1939 ተመረቀች። ውጭ አገር ያደገች፣ በሁለት ቋንቋ የምትኖር ነርሲንግ ተማሪ ማለት ነው። አገሯ ከተመለሰች በኋላ በ1942 ከወሊድ ጋር በተያያዘ ችግር በ22 ዓመቷ አረፈች። በስሟ በ1951 አዲስ አበባ ላይ ሆስፒታል ተከፈተ። በ1959 ወደዚያ ሆስፒታል የመጡት አውስትራሊያዊቷ ካትሪንና ባለቤቷ ሬጅናልድ ሃምሊን ናቸው፤ በ1974 የፊስቱላ ሆስፒታሉን የመሠረቱት። ከታካሚዎቻቸው አንዷ ከገጠር የመጣች፣ ፊደል ያልቆጠረች ወጣት ነበረች፤ ማሚቱ ጋሼ። ከታከመች በኋላ አልጋ በማንጠፍ ጀመረች፣ ከዚያ ኦፕሬሽን ክፍል ገብታ መሣሪያ አቀበለች፣ አየች፣ አየች፣ በመጨረሻም ራሷ ፊስቱላ የምትጠግን ቀዶ ባለሙያ ሆነች። በ2018 ቢቢሲ ከዓመቱ 100 ሴቶች መካከል አስገብቷታል። "ቆሞ ማየት ምን ያስተምራል?" ለሚል ሰው ከእርሷ የበለጠ መልስ የለኝም።

በ2015 የወጣው የላንሴት ኮሚሽን ዘገባ በዓለም ላይ 5 ቢሊዮን ሰው አስተማማኝና አቅሙ የሚፈቅደው ቀዶ ሕክምና እንደማያገኝ ይላል። ኢትዮጵያ ከ2009 ጀምሮ ሐኪም ያልሆኑ የጤና ባለሙያዎችን በድንገተኛ ቀዶ ሕክምናና በማዋለድ በማስተርስ ደረጃ እያሠለጠነች ወደ ወረዳ ሆስፒታሎች መላኳ ከዚሁ ነው። ክረምት ለዕረፍት ስትሄዱ እንዲህ ያለ ባለሙያ ካገኛችሁ አስወሩት፤ እኔ ዕድሉን እፈልጋለሁ።

መንገዱ እዚህ እንዴት ነው? ሞንትጎመሪ ኮሌጅ በታኮማ ፓርክ ሲልቨር ስፕሪንግ ካምፓሱ፣ ኖቫም ስፕሪንግፊልድ ባለው የሕክምና ካምፓሱ ነርሲንግ ያስተምራሉ። ኤንክሌክስ የሚባለውን ፈተና ያለፈ ነርስ ኦፕሬሽን ክፍል ሲቀጠር ሆስፒታሉ ለወራት ያሠለጥነዋል። ሜሪላንድም ቨርጂኒያም የነርሶች ፈቃድ ስምምነት አባል ስለሆኑ ሲልቨር ስፕሪንግ እየኖሩ አሌክሳንድሪያ መሥራት በአንድ ፈቃድ ይቻላል። ሲኖር የሚባለው የኦፕሬሽን ክፍል ነርስ ሰርተፊኬት 2 ዓመትና 2,400 ሰዓት ልምድ ይጠይቃል። የማደንዘዣ ነርስ መሆን የሚፈልግ ቢያንስ አንድ ዓመት በጽኑ ሕሙማን ክፍል ሠርቶ የዶክትሬት ፕሮግራም መግባት አለበት። ሁሉን ትቶ ቶሎ ክፍሉ ውስጥ መቆም የሚፈልግ ደግሞ ሰርጂካል ቴክኖሎጂ አለለት፤ የስክራብ ሥራ ነው።

ሦስተኛው ጥያቄ ቀረ። የዚያን ሰሞን ቦርሳዬ ውስጥ የትምህርት ክፍል መቀየሪያ ቅጽ ነበር። የአክስቴ ልጅ ሳይበር ሴኪዩሪቲ ተምሮ ቤት ቁጭ ብሎ ይሠራል፤ በየእሁዱ "አንቺ ምን ትጠብቂያለሽ?" ይለኛል። እናቴ በአረጋውያን መጦሪያ ረዳት ነርስ ናት፤ 14 ዓመት ሰው ስታነሳ ወገቧ ተጎድቷል፤ "ወይ ዶክተር ሁኚ ወይ ኮምፒውተር፣ እኔ የሆንኩትን አትሁኚ" ትላለች። ተሳስታለች አልልም። ወገቧን ማታ ማታ የማሸው እኔ ነኝ። ያን ዕለት ማታ ግን የቆጠራውን ነገር ነገርኳት። ዝም ብላ ሰማችና "ሐኪሙ አልተቆጣትም?" አለች። "አልተቆጣም እማ።" ሁለት ጊዜ ጠየቀችኝ። ከዚያ ስለ ሴትየዋ ጠየቀች፤ ነቅተው እንደሆነ። ነቅተዋል፤ የማደንዘዣ ሐኪሟ በስማቸው ጠርታ ቀሰቀሰቻቸው፤ የመጀመሪያው ነገር አንጓቸውን በሌላኛው እጃቸው መዳሰስ ነበር።

ቅጹን አላስገባሁም። እናቴ አሁንም "ማስተርስ ካልያዝሽ አልሰማም" ትላለች፤ እየተደራደርን ነው። በበጋው ደግሞ የሕክምና አስተርጓሚዎች የ40 ሰዓት ሥልጠና እጀምራለሁ። ለብሔራዊ የሕክምና አስተርጓሚነት ሰርተፊኬት የሚጠየቀው ዝቅተኛው ሰዓት ይኸው ነው፣ ዋናው የሰርተፊኬት ፈተናም ለአማርኛ ተናጋሪዎች ክፍት ነው። አብራችሁኝ መመዝገብ የምትፈልጉ፣ ሐሙስ ማታ በማህበሩ ስብሰባ ላይ አግኙኝ፤ በቡድን ማጥናት ይሻላል፣ "የሐሞት ቱቦ"ን ብቻዬን ስደጋግም ቤተሰቡ ሰልችቶታል።